እንጀራ ምን በደለ?

(ባለፈው እሑድ በአንድ የሠፈር ዕድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አሳጥሬዋለሁ።)




መቼም ዕድር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ንፍሮ ነው። ሰው ሲሞት እንጂ በቁሙ ሳለ «ምን በላህ? ምን ጠጣህ?» ብሎ የሚጠይቅ ዕድር አልተለመደም። ዛሬ ግን ኮሚቴያችሁ «ይሄ ዳይት ዳይት የሚባለው ነገር ልጆቻችንን አሳበደብን፤ እስቲ መጥተህ አንድ ነገር በለን» ብሎ ጠራኝ። እኔም ደስ ብሎኝ መጣሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምግብ ባለሙያም አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅኩ፣ እዚህም እዚያም እየጻፍኩ የምኖር ጋዜጠኛ ነኝ። ሥራዬ መጠየቅ፣ ማንበብና ያገኘሁትን ማካፈል ነው። ስለዚህ የምናገረው የሐኪም ትእዛዝ ተደርጎ እንዳይወሰድ አደራ እላለሁ።

ዘመኑ እንዴት ተገለባበጠ! በወላጆቻችን ጊዜ «ከሳህ» ማለት «ምን ነካህ? ታመህ ነበር እንዴ?» ማለት ነበር። «ወፈር ብለሃል» የተባለ ሰው «ተመስገን» ብሎ ያልፋል። ቦርጭ የሹመት ምልክት ነበር። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም የወገኑ አጥንት ሲቆጠር ያየ ሕዝብ ክሳትን ቢፈራ አይፈረድበትም። ዛሬ ያው ሕዝብ፣ ቢያንስ ከተሜው፣ ሲገናኝ «ስንት ኪሎ ቀነስሽ?» ነው የሚባባለው።

አንዱ «ኬቶ ላይ ነኝ» ብሎ እንጀራ እንደ መርዝ ይሸሻል። ሌላዋ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ብቻ እየበላች ሌላውን ሰዓት በውሃና በጥቁር ቡና ትገፋለች። ሌላው «ዲቶክስ» እያለ ሦስት ቀን ሎሚ በሞቀ ውሃ ይጠጣል። አንዷ ደግሞ ለሠርጓ ሁለት ወር ሲቀራት ምሳና እራት አቁማ ጎመን ሾርባ ብቻ ትጠጣለች። ይህ ሁሉ በምርጫ ነው። ሳይመርጥ ዳይት የገባው ደግሞ አለ፤ እሱን ያስገባው ገበያው ነው። ዘይትና ሽንኩርት ሲወደድ «ዛሬ እራት ይለፈን» የሚለው ቤተሰብ ዳይቱን በስልክ ተመልክቶ አልጀመረውም።

ነገሩ ግን ሣቅ ብቻ አይደለም። እናንተው ታውቁታላችሁ። ድንኳን ስንተክል «በምን ሞተ?» ለሚል ጠያቂ «ስኳር ነበረበት»፣ «ግፊቱ ነው»፣ «ድንገት ወደቀ» ብለን የምንመልሰው ስንት ጊዜ ነው? የምንበላው ነገር ጉዳይ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆኗል። ለዚህም ነው ሰው መፍትሔ ቢሸጡለት የሚገዛው። ጥያቄው የሚሸጥለት መፍትሔ ነው ወይስ ሌላ ችግር? የሚለው ነው።

አዲስ የመሰለን አሮጌ ነው

ይህ እንጀራና ዳቦ የመተው ነገር የትናንት ፈጠራ አይደለም። ዊልያም ባንቲንግ የሚባል የለንደን ሰው ነበር። ሥራው ምን እንደነበር ብነግራችሁ ትገረማላችሁ፤ ቀብር አስፈጻሚ ነበር። ቤተሰቡ የእንግሊዝን መኳንንት ቀብር ሳይቀር የሚያሰናዳ የታወቀ ቤት ነው። ሰውየው ከውፍረቱ የተነሣ የጫማውን ክር ማሰር አቅቶት ሲቸገር አንድ ሐኪም ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ተው አለው። ተወ። በአንድ ዓመት ገደማ 20 ኪሎ ያህል ቀነሰና እ.ኤ.አ በ1863 ታሪኩን በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ እንደ ትኩስ ዳቦ ተቸበቸበ። ከዚያ ወዲህ ስሙ በእንግሊዝኛ «መክሳት» ለማለት ግሥ ሆኖ ያገለግል ነበር። ስዊድኖች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

ኬቶ የሚባለውም ቢሆን ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ነው። እ.ኤ.አ በ1921 በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪም ራስል ዋይልደር ስሙን ያወጣለት ለቦርጭ ብሎ አይደለም። የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሕመምተኞች ነበር። እስካሁንም ክኒን ያልያዘላቸውን ሕፃናት ሐኪሞች በዚህ አመጋገብ ይረዷቸዋል። ዶክተር ሮበርት አትኪንስ ደግሞ እ.ኤ.አ በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ሥጋና ቅቤ እየበሉ መክሳትን ዓለም አቀፍ ፋሽን አደረገው።

ሁሉም ግን እንዲህ በሰላም አላለፈም። እ.ኤ.አ በ1976 ገደማ በአሜሪካ ምግብን ጨርሶ ትቶ በጠርሙስ የተሞላ ፈሳሽ ፕሮቲን ብቻ የመጠጣት ፋሽን መጣ። ፕሮቲኑ የሚሠራው ከእንስሳት ቆዳና ጅማት ተቀቅሎ ነበር። ብዙ ሳይቆይ መንግሥት በርካታ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በልብ ምት መዛባት ሞተው አገኘ፤ ቁጥሩ ወደ 60 ይጠጋ ነበር። እነዚያ ሴቶች ሞኞች አልነበሩም። መጽሐፉን የጻፈው ሐኪም ነው። ማስታወቂያውም ያምር ነበር።

እውነትን አንካድ

ይህን ስል ግን ዳይትን ሁሉ ልረግም አልመጣሁም። ሚዛን ካልን ሚዛኑ በሁለት ወገን መሆን አለበት።

ስኳር በሽታ ያለበት ሰው የሚበላውን የእህል መጠን ሲቀንስ በደሙ ያለው ስኳር ቶሎ ይወርዳል። ይህ እውነት ነው። ከዚህም የሚገርም አለ። እ.ኤ.አ በ2017 በእንግሊዝ አገር የታተመ «ዳይሬክት» የተባለ ጥናት ዓይነት ሁለት ስኳር ያለባቸውን 306 ሰዎች ያዘ። ግማሾቹ ከሦስት እስከ አምስት ወር በቀን 850 ካሎሪ ያህል ብቻ የሚሰጥ ሾርባና መጠጥ እየወሰዱ ቆዩ። በዓመቱ መጨረሻ ከመቶው 46ቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታ መስመር በታች ወረደ። በተለመደው ሕክምና ከቆዩት ግን ከመቶው 4ቱ ብቻ ናቸው እንዲህ የሆኑት። ስለዚህ «ጠንካራ ዳይት ሁሉ ውሸት ነው» የሚል ካለ ተሳስቷል።

ነገር ግን እንዴት ነበር የተደረገው? ነርስና የምግብ ባለሙያ ከጎናቸው ነበሩ። ክኒናቸው በመጀመሪያው ቀን በሐኪም ትእዛዝ ቆመ። ምግቡ ሲመለስ ቀስ በቀስ፣ በሳምንታት ነው የተመለሰው። ከዚያም በኋላ ክትትሉ ቀጠለ። እንዲያም ሆኖ በሁለተኛው ዓመት 46ቱ ወደ 36 ወርዷል። እንግዲህ ክትትል ያለው እንዲህ ከሆነ፣ በስልክ ሦስት ደቂቃ ቪዲዮ አይቶ ብቻውን የጀመረው ምን ይሆናል?

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ በ2018 የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 609 ሰዎችን ለሁለት ከፈሉ። ግማሹ ቅባት ይቀንሳል፣ ግማሹ እህልና ስኳር ይቀንሳል። አንድ ዓመት ተከታተሏቸው። ውጤቱስ? ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ እህል የቀነሱት 6 ኪሎ። ልዩነቱ ቁም ነገር የለውም። ትልቁ ልዩነት የታየው በሰው በሰው ነው። በሁለቱም ወገን 30 ኪሎ ያህል የቀነሰ አለ፤ እንዲያውም የጨመረም አለ። ለሁለቱም የተነገራቸው ምክር ግን አንድ ነበር፦ አትክልት አብዙ፣ ስኳርና ነጭ ዱቄት ቀንሱ፣ ቤት የተሠራ ምግብ ብሉ።

በሰዓት መብላት የሚባለውስ? እ.ኤ.አ በ2022 ቻይና ውስጥ በ139 ሰዎች ላይ የተደረገ የአንድ ዓመት ጥናት አለ። ሁሉም የሚበሉትን መጠን ቀነሱ፤ ግማሾቹ ደግሞ በተጨማሪ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ እንዲበሉ ተደረገ። በሰዓት የበሉት 8 ኪሎ፣ ሌሎቹ 6.3 ኪሎ ቀነሱ። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱ ከአጋጣሚ የሚለይ አይደለም አሉ። ማለትም ሥራውን የሠራው የመጠኑ መቀነስ ነው እንጂ ሰዓቱ ተአምር የለውም። ሰዓቱ የሚመቸው ሰው ካለ ይጠቀምበት፤ የማይመቸው ምንም አልቀረበትም።

እ.ኤ.አ በ2005 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አራት የታወቁ ዳይቶችን በ160 ሰዎች ላይ አወዳደረ። ዓመቱ ሲያልቅ ከአሥሩ አራቱ ያህል አቋርጠው ወጥተዋል። የበለጠ የቀነሰውም የዚህ ወይም የዚያ ዳይት ተከታይ ሳይሆን የጀመረውን የያዘው ሰው ነው። እንግዲህ ጥያቄው «የትኛው ዳይት?» ሳይሆን «የትኛውን ዕድሜ ልኬን ልይዘው እችላለሁ?» የሚለው ነው። ጠቅላላ የምናገረው በዚህች አረፍተ ነገር ውስጥ አለ።

የመጀመሪያው ሳምንት ተአምር

ታዲያ ሰው ለምን ይታለላል? አንዱ ምክንያት ሚዛን ነው። እህል የተወ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት አራት ኪሎ ሊቀንስ ይችላል። እልል ይላል። ሰውነታችን ግን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመ የስኳር ስንቅ አለው። እያንዳንዱ ግራም ስንቅ ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። እህል ሲቆም ስንቁ ያልቃል፣ ውሃውም በሽንት ይወርዳል። የቀነሰው በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ስብ አይደለም። አንድ ሠርግ ቤት ገብቶ እንደ ልቡ የበላ ዕለት ኪሎው ተመልሶ ይመጣል። እሱ ግን «እኔ ሰነፍ ነኝ» ብሎ ራሱን ይረግማል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ሁለተኛውን ፓኬት ይሸጥለታል።

ሁለተኛው ምክንያት ርሃብ ራሱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ በ1944 እና በ1945፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ 36 ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ምግብ እንዲኖሩ ተደረገ። ክብደታቸው ሩብ ያህል ወረደ። ከዚያ በላይ የሚገርመው ግን ሐሳባቸው ነው። ቀን ከሌት የሚያስቡት ምግብ ሆነ። ወጥ ቤት ያልገቡ ወንዶች የምግብ አሠራር መጽሐፍ ያነቡ ጀመር። ተናደዱ፣ ተከዙ፣ ከሰው ራቁ። ምግብ ሲፈቀድላቸው ደግሞ አንዳንዶቹ በቃኝ ማለት ተሳናቸው። እኛ ርሃብን የምናውቅ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገንም ነበር። የተራበ ሰው ጠባዩ ቢለወጥ ርሃቡ ነው እንጂ ባሕርዩ አይደለም።

በጣም ፈጥኖ የከሳ ሰው ሐሞት ከረጢቱ ውስጥ ጠጠር ሊያበጅ ይችላል። ፀጉርም ይረግፋል። ሙሽሪት የሠርጓ ዕለት ቀሚሱ ልክክ ብሎላት፣ ከሠርጉ በኋላ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ስታይ ብታለቅስ ማን ያጽናናታል?

«ልጄ፣ ዲቶክስ ላይ ነኝ እኮ»

አሁን ከመጽሐፍ ወደ ሠፈር ልመለስ። እኛ አካባቢ አንዲት እናት አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም። የስኳር ክኒን ይወስዳሉ። ልጃቸው፣ ክፉ አስባ ሳይሆን ስለምትወዳቸው፣ «እማዬ፣ ሦስት ቀን የሎሚ ውሃ ብቻ ብትጠጪ አንጀትሽ ይታጠባል፣ ስኳሩም ይለቅሻል» አለቻቸው። በስልክ ያየችው ነው። እናትየውም እሺ አሉ። ምግቡን አቆሙ፣ ክኒኑን ግን እንደ ወትሮው ዋጡ።

በሁለተኛው ቀን ታክሲ ተራ ላይ ቆመው ላብ አጠመቃቸው። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ አንደበታቸው ተሳሰረ፣ ወደቁ። ያየው ሰው «ጠጥተው ነው» ብሎ ሊያልፍ ነበር። ደግነቱ ባለ ሱቁ ያውቃቸዋል፤ ስኳር በውሃ በጥብጦ መዋጥ ሲችሉ በቀስታ አጠጣቸውና ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። ነርሷ «እናቴ፣ ዛሬ ምግብ በልተዋል?» ብትላቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ ዲቶክስ ላይ ነኝ እኮ!»

ተርፈዋል፤ ዛሬም ቡና ያፈላሉ። ግን አስቡት። እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን ወይም ኢንሱሊን ሥራው ስኳር ማውረድ ነው፤ ሰውየው በላ አልበላ አይጠይቅም። ምግብ ሳይኖር መድኃኒቱ ብቻ ሲገባ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርድና ሰውን ራሱን ያስታል፤ ሲብስም ይገድላል። ስለዚህ የስኳር፣ የግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት፣ ወይም በማደግ ላይ ያለ ልጅ ከሐኪም ሳይማከር ዳይት አይጀምር። ይህችን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ንግግሬ ከንቱ አልቀረም።

ዲቶክስ የሚባለውም ቢሆን የደምን ቆሻሻ የሚያጣራ ጉበትና ኩላሊት የሚባሉ ሁለት ሠራተኞች አሉን። ያለ ደመወዝ ሌት ተቀን ይሠራሉ። የሎሚ ውሃ የእነሱን ሥራ አይሠራም። «ሲያስቀምጥህ ሆድህ ይቀላል» የሚለው ሻይ ደግሞ የሚያወጣው ውሃና ጨው እንጂ ስብ አይደለም።

ጾምስ?

አንዳንዱ «እኛ እኮ ድሮም ፋስቲንግ እናውቃለን» ይላል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ሙስሊም ወገናችን ረመዳንን ሙሉ ወር ይጾማል። ግን ጾም ለቦርጭ አልተሠራም። መጀመሪያና መጨረሻ አለው፣ ጎረቤት ሁሉ አብሮ ይይዘዋል፣ የታመመ ሰው ደግሞ በሁለቱም ሃይማኖት መላ አለው። የንስሐ አባት ያለው የንስሐ አባቱን፣ ሌላውም የሃይማኖት መምህሩን ይጠይቅ፤ ሐኪሙንም እንዲሁ። የፋሽን ዳይት ግን ሰውን ከመሶቡ ነጥሎ ብቻውን ነው የሚያስቀምጠው።

ደግሞም ጾም በራሱ አያከሳም። በጾም ስም ዘይት ውስጥ የዋለ ሳምቡሳና ጣፋጭ ብስኩት ከበላን የጾምነው ቅቤውን ብቻ ነው።

እንጀራ ይከሰስ?

አሁን ወደ ተከሳሹ እንምጣ። እንጀራ አወፈረን፣ እንጀራ ስኳር አመጣብን ይባላል። ለተከሳሹ ጠበቃ ልቁምለት።

እ.ኤ.አ በ1984 እና በ1985፣ በኋላም በ1991 ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ወደ እስራኤል ሄዱ። ገጠር ሳሉ እንጀራ ይበሉ ነበር፤ ስኳር በሽታ ግን ብርቅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ በ1988፣ ተመራማሪዎች በወጣቶቹ ዘንድ እንኳ ስኳር በሽታ በዝቶ መገኘቱን ጻፉ። ሰዉ ያው ሰው ነው። የተለወጠው ኑሮው ነው። ጤፍ ብርቅ ሆኖ እንጀራው በነጭ የስንዴ ዱቄት ተጋገረ። ለስላሳና ስኳር በየቤቱ ገባ። ተራራ ወጥቶ የሚወርደው እግር አውቶቡስ ተሳፈረ። እኛስ ከገጠር አዲስ አበባ ስንገባ ያደረግነው ከዚህ ምን ይለያል?

እውነቱን ለመናገር ግን ጠበቃውም ማጋነን የለበትም። ጤፍ ብረትና አሠር አለው፤ ግሉተን የለውም። ሆኖም «ጤፍ ስኳር የለውም፣ የፈለጉትን ያህል ይብሉ» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። እንጀራም ሆድ ሲገባ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ የስኳር ሕመምተኛ መጠኑን ማወቅ አለበት። ስለዚህ የኔ ፍርድ ይሄ ነው፦ እንጀራ ነጻ ይውጣ፤ ሦስተኛው እንጀራ ግን በዋስ ይለቀቅ።

ደግሞ የኬቶን ዋጋ አስሉት። ሥጋ፣ አቮካዶ፣ የወይራ ዘይት፣ ከውጭ የሚመጣ የአልሞንድ ዱቄት። ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ በየጓዳው ያለ ፕሮቲን ሆኖ ሳለ ለዚያ መበደር «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

«በልክ» ማለት ስንት ነው?

«ሁሉም በልክ ነው» የምትለው ቃል ደግሞ ለሁላችን ማምለጫ ሆናለች። አምስት ቢራ የጠጣም «በልኬ ነው» ይላል። ልክ ቁጥር ከሌለው ልክ አይደለም። እስቲ ቁጥር እናብጅለት።

አንደኛ ስኳር። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር በቀን ወደ 25 ግራም፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ቢወርድ ይመረጣል ይላል። አሁን ቁጠሩ። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ በቀን አራቴ ከጠጣን 12 ማንኪያ ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ብዙውን ጊዜ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ እሱ ብቻውን የቀኑን ኮታ ይበላዋል። ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት፣ ከወር በኋላ ወደ አንድ። ምላስ ይለምዳል።

ሁለተኛ ጨው። ይኸው ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው፤ ያውም በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ። ግፊት ላለበት ሰው ከብዙ ሻይ ቅጠል ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል።

ሦስተኛ ትሪው። በ2014 ዓ.ም የወጣው የአገራችን የአመጋገብ መመሪያም የሚለው ያንኑ ነው፦ ምግቡ ይቀያየር፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ አይታጣ፣ ዘይት፣ ጨውና ስኳር ይቀነስ። ከወጡ ጎን ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥርና ካሮት ቦታ ይያዙ። ሁለተኛ እንጀራ ከመዘርጋታችን በፊት ትንሽ እናውራ፤ ሆድ መጥገቡን ለማወቅ ጊዜ ይፈልጋል።

አራተኛ «በሞቴ»። ይህ ከሁሉ ይከብዳል። የኛ ፍቅር በጉርሻ ነው የሚገለጠው። የጠገበን ሰው «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያልን እናስውጠዋለን። አክብሮቱ ይቅር አልልም። ግን የስኳር ሕመምተኛ እንግዳ «በቃኝ» ሲል አንዴ ብለነው ብንተወው ክብር አይጎድልብንም። ለሱ ልክ ማለት የኛም ዝምታ ጭምር ነው።

አምስተኛ እግር። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይመከራል። በቀን ሲካፈል ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ከምንቆመው ያንሳል!

መክሳት የሚያስፈልገው ሰው በሳምንት ግማሽ ኪሎ ቢቀንስ በቂ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉ አባቶች ዳይት ሳያውቁ ነው የተናገሩት። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ያሉትም እነሱ ናቸው።

ለማን እንጩህ?

ጥፋቱን ሁሉ ግን በግለሰቡ ላይ ጭኜ መውረድ አልፈልግም። «በ10 ቀን 10 ኪሎ!» የሚል ማስታወቂያ በየስልኩና በየግድግዳው ተለጥፏል። አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 759/2004 አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። ቢራን ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ ያወረደ መንግሥት የሚያስቀምጥ ሻይ «የክብደት መድኃኒት» ነው ብሎ የሚሸጠውን እንዴት አላየውም? ድሃ ጉልት ቸርቻሪ ለማባረር የማይሰንፍ ደንብ አስከባሪ እዚህ ጋ ዓይኑ ለምን ይፈዛል? ማስታወቂያውን ገንዘብ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ የመገናኛ ብዙኃንም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ሲተኛ የሚነቃው ሻጭ ነው።

እስከዚያ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ለዚህ ጉባኤ አንድ ሐሳብ አለኝ። ዕድራችሁ በየሦስት ወሩ ስትሰበሰቡ ከጤና ጣቢያው አንድ ባለሙያ ጋብዙ። ከስብሰባው በፊት አባላት ደም ግፊታቸውንና ስኳራቸውን ይለኩ። ልጆች በስልክ ያዩትን ዳይት ይዘው ይምጡና ባለሙያውን በግልጽ ይጠይቁት። የሚያስወጣው ገንዘብ ለአንድ ድንኳን ኪራይ አይደርስም።

የለንደኑ ቀብር አስፈጻሚ ባንቲንግ ስለ ምግብ መጻፍ የጀመረው የራሱ ጤና ሲጨንቀው ነው። ዕድርም ቀብር ማስፈጸም ያውቅበታል። እስቲ ደግሞ ቀብር ማዘግየት እንሞክር።

ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ፤ ሻይ እየጠጣን እንወያያለን፤ ስኳሩን ግን አንድ ማንኪያ!